ሺፍት፣ ልጅ፣ እራት... ጸሎቱ መቼ ነው? (ከኮምቦልቻ)

የደላንታዋ (ክሩን የከፈተች) | ኅዳር 17፣ ማታ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ሆድ ብሶኛል።

ኮምቦልቻ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ስፌት ላይ ነኝ። ሥራ የምንገባው ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ልጄን አለባብሼ፣ ምሳ ቋጥሬ፣ ልጁን ጎረቤት አድርሼ ሰርቪስ እይዛለሁ። ማታ ደግሞ እራት፣ ልብስ ማጠብ፣ ልጅ ማስተኛት። ባለቤቴ ብየዳ ቤት ነው የሚውለው፤ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ፣ እሱም ደክሞት ነው።

እናቴ ያለችው ደላንታ፣ ወገል ጤና ነው። ወር በገባ በ12 ትደውልና "ዛሬ ሚካኤል አይደል እንዴ፣ ሥራ ገባሽ?" ትለኛለች። እሷ ጋ በሚካኤል በሬ አይጠመድም። እኔ ጋ ደግሞ ከመስመራችን ፊት ለፊት የቀኑ ታርጌት ተጽፎ ተሰቅሏል። ታርጌት ሚካኤልን አያውቅም።

ማታ ልጄ ሲተኛ ስልኬ ላይ ውዳሴ ማርያም እከፍታለሁ። የዕለቱን ገና እንደጀመርኩ የቴሌብር መልእክት ከላይ ብቅ ይላል። እሱን ልይ ብዬ ስወጣ የሆነ ሰው ቴሌግራም ላይ ጽፏል። ከዚያ ሳላውቀው ቲክቶክ ላይ ነኝ። እሑድ ቅዳሴ አልቀርም፤ ግን ቆሜ ነው የማንቀላፋው። አሁን ደግሞ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ባለፈው አንዷ ጓደኛችን እስከ 9 ሰዓት ልቆይ ብላ ማሽኗ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

እንደኔ ሩጫ ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ ክርስትናችሁን እንዴት ነው የምትኖሩት? "ጊዜሽን አመቻቺ" የሚል ምክር እንዳትሰጡኝ ብቻ። የሚመቻች ጊዜ የለኝም።

ሐረጎ_ቁልቁለት | ኅዳር 17፣ ማታ 4፡05

አብሽሪ እህቴ። እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ነው የምነዳው። ጭጋግ በወረደ ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ የማይጸልይ ሾፌር የለም፤ እንኳን ክርስቲያኑ ሌላውም ይጸልያል።

ቀልዱን ትተን፣ ሞተር ሳስነሳ አማትባለሁ፣ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ በቃ። ረዳቴ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሲጮህ እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከዳዊት አንድ ሁለቷን አያለሁ። ተራ አስከባሪው ሲጠራኝ እዘጋዋለሁ።

ግን አንድ የሚያበግነኝ ነገር ልናገር። መዝሙር ጣራው እስኪነቀል የሚከፍት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ሥዕለ አድኅኖ የደረደረ ባልደረባ አለኝ። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራት ይጭናል። ተሳፋሪ "ሞልቷል እኮ" ሲለው "በእመቤታችን፣ ጠጋ በሉ" ይላል። እመቤታችንን ለትርፍ! ጸሎቱ ባጠረና ሰው እንደ ሰው በተቀመጠ።

ድጓ_ያልጨረሰ | ኅዳር 17፣ ማታ 4፡50

እኅታችን፣ እንኳን ጻፍሽ። እኔ በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። አሁን ደሴ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፋይል አገላብጣለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱንም ዓለም ትንሽ ትንሽ አውቀዋለሁ።

ፍትሐ ነገሥት በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ ይደነግጋል። ዳዊትም "ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ" ያለው አለ። ሰው "ሰባት ጊዜ" ሲባል ይደነግጥና የመነኩሴ ነው ብሎ ይተወዋል። እስቲ ሰዓቶቹን እያቸው። ነግህ ስትነሺ ነው። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበትን ታስቢያለሽ። በ6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበትን፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበትን፣ በ11 ሰዓት የተቀበረበትን። ከዚያ የመኝታ አለ፣ መንፈቀ ሌሊትም አለ።

አየሽ፣ አራቱ አንቺ ማሽን ላይ ባለሽበት ሰዓት ነው የሚውሉት። ቤተ ክርስቲያን ቀኑን የከፋፈለችው ሰው ሥራ እንደሚውል እያወቀች ነው። ሰባቱን ሁሉ በመጽሐፍ ጀምሪ የሚልሽ የለም። ምሳ ስትወጪ 6 ሰዓት ነው አይደል? እጅሽን እስክትታጠቢ ድረስ የቀራጩን ጸሎት በይ፤ "አምላክ ሆይ፣ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ"። በሉቃስ ወንጌል ጸድቆ የሄደው ይቺን ብቻ ያለው ሰው ነው። ረጅሙን የጸለየው ፈሪሳዊ ምን ይዞ እንደሄደ ታውቂያለሽ።

ዳዊትም እንዲሁ ነው። 150 መዝሙር ነው፤ አሥር አሥሩ አንድ ንጉሥ ይባላል። አንድ ንጉሥ ካልሆነልሽ አንድ መዝሙር። እሱም ካልሆነ ሃምሳኛውን በቃልሽ ያዢው፤ ሰርቪስ ላይ ስልክ አያስፈልገውም። የስልክ ነገር ካነሳሽ አይቀር፣ ትንሿን የውዳሴ ማርያም መጽሐፍ ግዢና ትራስሽ ሥር አድርጊያት። መጽሐፍ ላይ ቴሌብር አይመጣም።

ስለ ጾሙ፦ ሥራሽ ምን እንደሆነ ለንስሐ አባትሽ በደንብ አስረጂያቸው። ስንት ሰዓት እንደምትውዪ፣ ጓደኛሽ መውደቋንም ንገሪያቸው። ሰዓቱን እሳቸው ይወስኑልሽ። ይህ ማቃለል አይደለም፣ ሥርዓቱ ራሱ ነው። ሰው በገዛ ፈቃዱ አክብዶ ጾሞ ሲወድቅ፣ ከጾሙ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ማማረር ነው።

የአምባሰል_እናት | ኅዳር 18፣ ጠዋት 2፡10

የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እኔ እየነገርኳት።

ሁላችሁም መልካም ብላችኋል፤ ግን አጭር ጸሎት አጭር ጸሎት ስትሉ ነገሩ ሁሉ አጭር እንዳይሆን። ቅሬ (እድሩ) ሲጠራ ሁላችሁ ትመጡ የለም እንዴ? ሰው ሲሞት ፋብሪካውም ያስፈቅዳል፣ ሱቁም ይዘጋል፣ ሾፌሩም መኪናውን ያቆማል። ለሙት ጊዜ ይገኛል። ለቅዳሴ ሲሆን "ታርጌት"። እስቲ ይህን መልሱልኝ።

እኛ በደህናው ጊዜ መስከረም 21 ግሸን ስንወጣ ሥራ ፈተን አልነበረም። እህሉ ማሳ ላይ ነው፣ ከብቱ ለጎረቤት ተሰጥቷል፣ የሚጠባ ልጅ ጀርባ ላይ አለ። የመጨረሻውን አቀበት ልጅ አዝዬ ወጥቼዋለሁ። ግማደ መስቀሉ ያለበት ቦታ ነው፤ ማን ይቀራል?

ደግሞ ይህ በዩቲዩብ ቅዳሴ የሚሉት ነገር። ዕጣኑ አይሸትም፣ ቁርባን የለው። በሽተኛ ይየው። እግር ያለው ይሂድ።

እህል_በረንዳ | ኅዳር 18፣ ጠዋት 3፡30

እማማ ያሉት ልክ ነው፤ ግን እኔ ሌላ ነገር ልጨምር።

ደሴ እህል ነው የምነግደው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላ። ከጎኔ በዓመት አንድ ቅዳሴ እንኳ የማያመልጠው ነጋዴ ነበር። ነጠላውን እንዳጣፋ መጥቶ ሱቁን ይከፍታል። ሚዛኑ ግን... ጠዋት ድንጋዩን ሲያስቀምጥ እጁን ከስር ቆልመም ያደርጋታል። ከገጠር የመጣች ሴትዮ አታየውም። እኛ ግን እናየዋለን። አንድ ቀን አንዲት ሴት አምስት ኪሎ ምስር ገዝታ እኔ ጋ መጥታ "እስቲ መዝንልኝ" አለችኝ። ጎደለ። ምንም አላለችም። ምስሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

መጽሐፈ ምሳሌ "አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው" ይላል። የኔ ክርስትና መጀመሪያ እዚያ ሚዛን ላይ ነው የሚለካው። ጸሎት መቼ ልጸልይ ብሎ ከመጨነቅ በፊት፣ እስከ ማታ የያዝነው ሥራ ንጹሕ ነው ወይ? የደላንታዋ እህቴ፣ ስፌትሽን አስተካክለሽ ከሰፋሽ፣ የጓደኛሽን ጥፋት ካልደበቅሽባት፣ የአለቃሽንም እቃ ካልወሰድሽ፣ አንቺ እኮ ጸልየሽ ነው የዋልሽው።

ድጓ_ያልጨረሰ | ኅዳር 18፣ ጠዋት 4፡00

ጋሽ እህል በረንዳ፣ ግማሹን እቀበላለሁ። "ሥራዬ ጸሎቴ ነው" የሚለው ነገር ግን ያሠጋኛል። እንደዚህ ያለ ሰው ቀስ በቀስ ሥራው ብቻ ይቀረዋል። ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይተዳደር ነበር፤ ግን ድንኳኑን ሰፍቶ ጸሎቱን አልተወም። ያ ነጋዴም ችግሩ ቅዳሴ ማብዛቱ አይደለም። የሰማው ወንጌል ከቤተ ክርስቲያን በር አለመውጣቱ ነው።

እህል_በረንዳ | ኅዳር 18፣ ጠዋት 4፡12

እሺ የኔታ። ምስሩን ግን አስታውሳት።

ረቡዕ_ሕብረት | ኅዳር 18፣ ቀን 6፡25

እኔ ከወንጌላውያን አማኞች ነኝ፣ ደሴ። ብታስገቡኝ አንድ ሐሳብ ልስጥ። እኛ ረቡዕ ማታ በየቤቱ እየተሰበሰብን የምናጠናበት ሕብረት አለን። ሰው ደክሞ ይመጣል፣ ልጅ ይዞ ይመጣል፣ ሻይ እየጠጣን ነው የምንጸልየው። ብቻዬን ቢሆን ኖሮ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ደግሞ ነህምያን አስቡት። ንጉሡ ፊት ቆሞ ወይን እየቀዳ፣ "ምን ትለምነኛለህ?" ሲባል፣ መጀመሪያ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ ይላል፤ ከዚያ ለንጉሡ መለሰ። ጉልበቱን አንበረከከ አይልም። እኔ ሱፐርቫይዘሬ ሲጮህብኝ ሁልጊዜ ይቺ ናት የምትመጣልኝ።

ስም_የለኝም_02 | ኅዳር 18፣ ቀን 6፡40

መጡ ደግሞ። ሻይ እየጠጡ መጸለይ አሉ።

አወያይ | ኅዳር 18፣ ቀን 7፡05

የማን እምነት ይበልጣል የሚለውን ሌላ ቦታ። እዚህ ጥያቄዋን እንመልስላት። ከላይ ካለው ቀጥሎ የነበሩ አራት መልሶች ተነስተዋል።

የሙጋድ_ልጅ | ኅዳር 18፣ ቀን 8፡30

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ። ክሩን ያሳየኝ የሱቅ ጎረቤቴ ነው፤ "እስቲ ምን ትላለህ" ብሎ።

ዙሁር፣ የቀትር ሶላት፣ ሲደርስ መጋረጃዬን ጣል አድርጌ እሄዳለሁ። ደንበኛ ቢመጣ ጎረቤቴ "ሶላት ላይ ነው፣ ቁጭ በል" ይለዋል፤ ካስቸኮለውም ራሱ ሸጦ ብሩን መሳቢያዬ ውስጥ ይጨምረዋል። ስንት ዓመታችን ነው እንዲህ። ደንበኛም አይቀየምም፤ ደሴ ነዋ።

እና ይቺን ሰባት የጸሎት ጊዜ የሚሏትን ሳነብ ጎረቤቴን ጠየቅኩት። "አላችሁ እንዴ?" "አለን" አለኝ። "ታዲያ ለምን አትሄድም?" "ማን ሱቄን ይጠብቅልኛል?" አይለኝም! ወላሂ ሳቅኩኝ። እኔ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥኩት?

ሐረጎ_ቁልቁለት | ኅዳር 18፣ ቀን 8፡41

ወሎ!

ላስታ_ሮሃ | ኅዳር 18፣ ማታ 2፡15

እኔ የምጽፈው ከላሊበላ ነው። የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ስለዚህ ሩጫ ስትሉ የኔን ስሙኝ።

ለናንተ ገና ማለት ዕረፍት ነው። ለኛ የዓመቱ ትልቁ ሥራ ነው። ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደት ነው፣ የንጉሥ ላሊበላም ልደት የሚከበረው ያን ቀን ነው። ከተማው ከሳምንት በፊት ጀምሮ ይሞላል። ፍራሽ ይጎድላል፣ ውሃ ይጎድላል፣ እንጀራ ጋጋሪዎቹ ሌሊቱን ሁሉ ምጣድ ላይ ናቸው። ጠዋት ካህናቱ ቤተ ማርያም ገደሉ ላይና ታች ሆነው "ቤዛ ኩሉ" ሲሉ እኔ ድምፁን የምሰማው ድስት እያጠብኩ ነው። ገና ላይ ቆሜ ማኅሌት ሰምቼ አላውቅም። ድሮ ይቆጨኝ ነበር።

እናቴ ግን ሌላ ነገር አሳየችኝ። በእግሩ ቀናት የተጓዘ ሰው ሲመጣ ግቢያችን ይገባል። እሷ ውሃ ለብ አድርጋ በሳፋ ታቀርባለች። የአንዳንዱ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ አፈር ገብቶበታል፤ ውሃው ቶሎ ይጠቁራል። ቀስ ብላ በአውራ ጣቷ ታሸዋለች። እንግዳው ያፍርና እግሩን ይሰበስባል፤ "ተው አባቴ፣ ያንተ አይደለም፣ የጌታዬ ነው" ትለዋለች። ከዚያ ሳፋውን ደፍታ ሌላ ውሃ ትቀዳለች። ቆሎና ዳቦ ታቀርባለች። እሷም እንደኔ ገናን በማኅሌት አሳልፋ አታውቅም። ግን ገናን አላከበረችም የሚላት ካለ ከኔ ጋር ይጣላል።

ስለ ማርታና ማርያም ሲሰበክ ሁልጊዜ ማርታ ትወቀሳለች። ጌታ ግን "በብዙ ነገር ትጨነቂያለሽ" አላት እንጂ ምግቡን አልበላም አላለም። ቤቷ ነው የገባው። እኔ የገባኝ፣ የተወቀሰችው በመሥራቷ ሳይሆን እየሠራች በመማረሯ ነው። እህቷን እያየች፣ "ይቺ ለምን አታግዘኝም" እያለች። ይሄ እኔም ያለብኝ ነገር ነው።

የአምባሰል_እናት | ኅዳር 18፣ ማታ 2፡50

እናትህን ሳሚልኝ፣ አይ፣ ሳምልኝ። (የልጅ ልጄ ናት የተሳሳተችው።) እንዲህ ያለውማ በእኔ ዘንድም ቅዳሴ ነው።

ሦስት_ልጆች | ኅዳር 18፣ ማታ 3፡20

ስለ ልጆች ማንም አላነሳም። እናት ስትሆኚ ብቻሽን የምትጸልዪበት ጊዜ ያበቃል፤ ስለዚህ አብረሻቸው ጸልዪ። እኔ ልጆቼን ሳጥባቸው አቡነ ዘበሰማያት አስደግማቸዋለሁ። ትንሹ "ሲሳየነ" ላይ ሲደርስ ሳሙና ዓይኑ ውስጥ ይገባና ያለቅሳል፤ ከዚያ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። የሥርዓት ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ።

ቡና ስናፈላም አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት ባለቤቴ ይመርቃል። የታመመ ጎረቤት ካለ በስም እንጠራለን። ልጆቹ "የእትዬ እከሊት እግርስ?" ብለው ያስታውሱናል። ሕፃን አይረሳም።

የደላንታዋ | ኅዳር 19፣ ማታ 3፡15

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቤት ገብቼ ሁሉን አነበብኩት፤ ምስሩ ላይ አለቀስኩ፣ ሳሙናው ላይ ሳቅኩ።

እማማ፣ የቅሬው ነገር መልስ የለኝም። እውነት ነው። ግን ቅሬ ስቀር ይቀጡኛል፤ ቅዳሴ ስቀር የሚቀጣኝ የለም። እሱ ይሆን እንዴ?

ድጓ፣ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ያልከኝን አደረግኩ። ቧንቧው ጋ ሰልፍ አለ፤ ሰልፉ ላይ ቆሜ አልኩት። ከኋላዬ ያለችው "ምን ትያለሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። ሙስሊም ናት፤ "እኛም እኮ ዙሁር ለመስገድ ቦታ አጥተን ነው" አለችኝ። እስከዛሬ አብረን ስንሰፋ ይህን አላወቅኩም ነበር። ነገ አብረን ሱፐርቫይዘሯን ልንጠይቃት ነው፤ ከማሽኑ ጀርባ ባዶ ካርቶን የሚቀመጥበት ጥግ አለ። ለሁላችንም ይበቃል።

የንስሐ አባቴንም ደውዬ አገኘኋቸው። ስለ ጾሙ የነገሩኝን እዚህ አልጽፍም፤ የኔ ነው። ብቻ ሳይቆጡኝ ነው የሰሙኝ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። ከመስመራችን ስድስት ሆነን የጽዋ ማኅበር እንጀምር ተባብለናል፤ በማርያም፣ በ21። ችግሩ 21 ሁልጊዜ እሑድ ላይ አይውልም፣ በሥራ ቀን ደግሞ ማታ ነው የምንገናኘው። ወደ እሑድ ብናዞረው ነውር አለው?

ድጓ_ያልጨረሰ | ኅዳር 19፣ ማታ 3፡40

ብዙ ማኅበር ከ21 ቀጥሎ ባለው እሑድ ያደርገዋል። ካህን ጠይቁ፣ ግን ነውር ሲባል አልሰማሁም። ስድስት መሆናችሁ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ተራው በስድስት ወር አንዴ ነው የሚደርሳችሁ፣ ወጪ አይከብድም። ጠላ ግድ ነው ብላችሁ እንዳትጨናነቁ። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ሥራ የሚገባ ሰው ብርዝ ቢጠጣ ይሻለዋል።

ሐረጎ_ቁልቁለት | ኅዳር 19፣ ማታ 3፡52

እሑድ ከሰዓት ከደሴ የሚወርድ ሰው ካላችሁ እኔ ጋ ይሳፈር። ሒሳብ አልቀበልም። ሦስት ወንበር ላይ ሦስት ሰው ነው የሚቀመጠው፣ አትፍሩ።

የአምባሰል_እናት | ኅዳር 20፣ ጠዋት 1፡45

ዳቦውን ማን ይደፋል? በጾም ስለሆነ ወተት እንዳይነካው ለጋጋሪዋ ንገሯት። ኮባ ከጠፋ እኔ ጋ አለ፤ ለዚያ ሾፌር እሰጠዋለሁ። ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?

ሐረጎ_ቁልቁለት | ኅዳር 20፣ ጠዋት 1፡58

7 ሰዓት፣ ከመናኸሪያው በር። እማማ፣ እርስዎም አብረው ይውረዱ እንጂ።